ከአንገቷ ላይ ያጠፋሁት ሰማያዊ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሥራዬ ምን እንደሆነ ለእናቴ አስረድቼ አልጨረስኩም። «አታሚ ነሽ?» ትለኛለች። «አይ፣ አታሚው ደምሴ ነው።» «ታዲያ ሠዓሊ ነሽ?» «አይ እማ፣ የሚሥለው ዲዛይነሩ ነው።» «እና ለምንሽ ነው ደመወዝ የሚከፍሉሽ?» አላህ ይርሐማትና እስክትሞት ድረስ ለጎረቤት የምታወራው «ልጄ ሐዋ ማተሚያ ቤት ኮምፒውተር ትጠብቃለች» እያለች ነበር። ብዙም አልተሳሳተችም።

ዲዛይነሩ በራሱ ኮምፒውተር ላይ አሳምሮ የሠራው ነገር ማሽን ላይ ከመውጣቱ በፊት ኤክስፖርት መደረግ አለበት። ከሠሪው ፕሮግራም ወጥቶ ማተሚያው የሚያነበው ፋይል ይሆናል ማለት ነው። እዚህ መሻገሪያ ላይ ነው ጉዱ። ስክሪን ላይ ሙሽራ የነበረው ወረቀት ላይ ሲወርድ ሌላ ሆኖ ይመጣል። ፊደሉ ተቀይሮ ሳጥን ሳጥን ይሆናል፣ ፎቶው ይደበዝዛል፣ በጥቁር ላይ በነጭ የተጻፈ ስም ድራሹ ይጠፋል። እኔ መሻገሪያው ላይ ተቀምጬ የሚጠፋውን ሳይጠፋ የምይዝ ሰው ነበርኩ። አንድ ጊዜ ግን አጥፊዋ ራሴ ነበርኩ፤ እሱን ኋላ እነግራችኋለሁ።

ሥራ ያቆምኩት ፒያሳ ሲፈርስ ነው። ማተሚያ ቤታችን ዕቃውን ጭኖ ወደ ከተማው ዳር ሄደ። የባለቤቱ ልጅ «እትዬ ሐዋ፣ ሰርቪስ እንመድብልዎታለን፣ ይምጡ» ብሎ ለመነኝ። ጨዋ ልጅ ነው፣ ይባረክ። ግን ዓይኔም ደክሟል፣ ጉልበቴም ደረጃ አይወድም፤ አልሐምዱሊላህ ብዬ ወጣሁ። አልከፋኝም። የሚከፋኝ አንድ ነገር ቢኖር ጋሽ ኪዳኔን በሕይወት እያሉ በቅጡ አለማመስገኔ ነው። እናም ይኸው አሁን ላመስግን።

የተወለድኩት ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ነው፤ አባቴ ከወሎ መጥቶ ጨርቅ ይሸጥ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ አምስት ኪሎ ታይፕ ተምሬ ማተሚያ ቤቱ ስገባ መጀመሪያ ባንኮኒው ላይ ደረሰኝ ቆራጭ አደረጉኝ። ከዚያ ጸሐፊ። ከዚያ አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ፣ ነገረኛ ግን ልበ ቅን ሰው፣ «አንቺ ልጅ አፍሽ ደንበኛ ያባርራል፣ ሰው የማይገባበት ክፍል ነው የሚያስፈልግሽ» አለና ፊልም ክፍል ወረወረኝ። ለቅጣት ነበር። እንዲህ ያለ ቅጣት ለወዳጆቼ ሁሉ።

ፊልም ክፍሉ የጋሽ ኪዳኔ ነው። ከአክሱም በኩል የመጡ፣ ቀጭን፣ ኮፍያቸውን ከጭንቅላታቸው የማያወርዱ ሰው። አማርኛቸው ጥርት ያለ ነው፣ ሲደሰቱ ወይ ሲያዝኑ ብቻ «ጓለይ» ይሉኛል፤ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው። ያኔ ከሚታተሙት አራት ቀለሞች እያንዳንዱ የራሱ ፊልም፣ ማለት ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ፕላስቲክ፣ ነበረው። አራቱን ፊልም በብርሃን ጠረጴዛ ላይ አነባብረው፣ በትንሿ አጉሊ መነጽር ጥግ ጥጉን እያዩ፣ እስትንፋሳቸውን ይዘው ያገጣጥሙ ነበር። ፊልም ሳይነኩ በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ። እኔም እንድታጠብ ያዝዙኛል። «ንጹሕ ነው ጋሼ» ስላቸው፣ «ንጹሕነቱን ፊልሙ ይናገራል» ይሉኛል።

ኮምፒውተር መጥቶ ፊልም ክፍሉ ሲጠብ ብዙዎቹ አንጋፋዎች ወጡ። ጋሽ ኪዳኔ ቀሩ። ማውዝ ነክተው አያውቁም፣ እምላችኋለሁ፣ አንድም ቀን! ወንበራቸውን ከኋላዬ አስጠግተው ይቀመጡና «እዚያ ጋ... አሳድጊው... አየሽው?» ይሉኛል። አያለሁ። አንድ ጊዜ የሠርግ ጥሪ ካርድ መጣ፤ የሙሽሪት አባት ስም በነጭ ነው የተጻፈው። ዲዛይነሩ ነጩን ከሥሩ ባለው ቀለም ላይ እንዲደረብ አድርጎ ነበር ያዘዘው። ነጭ ቀለም ደግሞ ማሽን ላይ የለም፤ ወረቀቱ ነው ነጩ። ስክሪኑ ላይ ስማቸው ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ቢታተም ግን አባት የሌላት ሙሽራ ልንድር ነበር። ጋሽ ኪዳኔ ከኋላዬ ሆነው ነው ያዩት። እንዴት አወቁ ብላቸው፣ «የማይታይ ነገር የሚፈልግ ሰው ያየዋል» አሉኝ።

ሁለት ልማድ ነበራቸው፤ ሁለቱም መጀመሪያ ያበሳጩኝ ነበር። አንደኛው፣ ኤክስፖርት ያደረግኩትን ፋይል በሠራሁበት ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ እንዳሳያቸው አይፈቅዱም። ባንኮኒው ላይ ባለችው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ነው የሚከፈተው። «ሰው ለራሱ ምስክር አይሆንም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ፊደሉ በእኔ ማሽን ላይ ስላለ ፋይሉ ውስጥ ባይገባም ያለ መስሎ ይታየኛል። ሌላ ማሽን ላይ ስንከፍተው ነው ሳጥን ሳጥኑ የሚወጣው። ሁለተኛው፣ የናሙናውን ወረቀት ክፍል ውስጥ አያዩትም። «የኒዮን መብራት ዋሾ ነው» ብለው ይዘውት ወደ በሩ ይወጣሉ። በራችን ላይ ሎተሪ የሚሸጥ ጠይም ሰውዬ ነበር፤ ቀለሙን ሊያስተያዩ ወረቀቱን ከፊቱ አጠገብ ያደርጉታል። ሰውዬው ለምዶት፣ «ዛሬ ደግሞ የማን አጎት ነኝ?» ይላቸው ነበር።

ይህ ነገር ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ፕሮግራሞቹ ከውጭ አስቀድመው ተስተካክለው ነው የሚመጡት፤ የነሱን ፊት እንጂ የኛን አያውቁትም። ፎቶን ከስክሪን ብርሃን ወደ አራቱ የማተሚያ ቀለም ሲቀይሩ የጠይም ሰውን ፊት በሰማያዊና በጥቁር ይሞሉታል። ሙሽሪት ታማ የከረመች ትመስላለች፣ አዛውንቱ ከሰል ይሆናሉ። ጋሽ ኪዳኔ «ጠይምነት ከቀይና ከቢጫ ነው የሚመጣው፣ ሰማያዊው እንደ ጨው ነው» እያሉ በየፊቱ ላይ ሰማያዊውን በጥቂት በጥቂቱ ያስቀንሱኛል። አንድ ፊት ግማሽ ቀን ይፈጃል።

እኔ ደግሞ ችኩል ነኝ። የአራዳ ልጅ አይደለሁ? አንድ ትእዛዝ ሠራሁ። አንዲት ቁልፍ ስነካ ከፊቱ ላይ ሰማያዊውንና ጥቁሩን ይቀንሳል፣ የአሮጌ ፎቶ ጭረት ያጸዳል፣ ራሱ ኤክስፖርት አድርጎ ያስቀምጣል። «ፊት» ብዬ ሰየምኩት። ግማሽ ቀን የነበረው ሥራ ሻይ እስኪቀርብ ያልቃል! ደምሴ ማሽኑ ላይ ሆኖ «ሐዊና፣ አሁን ነቄ ሆንሽ፤ ሽማግሌው ፋራ ናቸው» ይለኛል። የጎረቤት ማተሚያ ቤቶች ሳይቀሩ መጥተው ገለበጡት። ጋሽ ኪዳኔ ብቻ አንድ ጊዜ ሲሠራ አዩትና፣ «ጥሩ ነው። ፊቱንስ ማን ያየዋል?» አሉ። ቅናት መሰለኝ። አፉ በሉኝ፣ ልጅ ነበርኩ።

እንግዲህ እመቤት የምትባል ሴት መጣች። በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ጋ ቢሮ የምትሠራ ሴት ናት። የእናቷ የወይዘሮ ጥሩነሽ ሙት ዓመት ሊደርስ ነው፤ የሕይወት ታሪካቸው በትንሽ መጽሐፍ ታትሞ ለዘመድ እንዲሰጥ ቤተሰቡ ተስማምቷል። ሽፋኑ ላይ የሚወጣው አንድ አሮጌ የከለር ፎቶ ነው። ሹሩባ ተሠርተው፣ ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው፣ ሣቅ ሊሉ ሲሉ የተነሡት። ሌሎቹ ፎቶዎች ሁሉ ተከናንበው ነው። ስካን አድርጌ ፎቶውን መለስኩላት፤ ወንድሟ በዚያው ቀን ለአገር ቤቱ ተዝካር ይዞት ወደ ጋይንት ሄደ። ያኔ እንደ አሁኑ በስልክ አንስቶ ላክልኝ አይባልም።

የካርድ ወቅት ነበር፤ ሥራ እስከ ጣሪያ ተቆልሏል። ጋሽ ኪዳኔ ለቅሶ ሄደው የሉም። «ፊት»ን ነካሁት። ሠራ፣ አጸዳ፣ አስቀመጠ። ዲስኩ ሞልቶ ስለነበር በዋናው ስካን ላይ ደርቤ ነው ያስቀመጥኩት። ዋናውን አትንኪ፣ ሁልጊዜ በቅጂው ሥሪ ብለው ሺህ ጊዜ ነግረውኛል፤ ሺህ ጊዜ እሺ ብያለሁ። እመቤት ደውላ «ናሙና ልየው?» ስትለኝ ደግሞ «አታስቢ የኔ እህት፣ እኔ አለሁልሽ» አልኳት። ሦስት መቶ ሽፋን ታተመ። እንዴት አምሮ መሰላችሁ! ፊታቸው ወርቅ ሆኗል።

ረቡዕ ልትወስድ መጣች። ሙት ዓመቱ እሑድ ነው። ጋሽ ኪዳኔም ያን ጠዋት ተመልሰው ውስጥ ነበሩ። እሽጉን ፈትቼ አንዱን ዘረጋሁላት፤ ምስጋና እየጠበቅኩ።

አንሥታ አየችው። «ይሄ የኛ ነው?» አለች።

«አዎ፣ የእናትሽ!»

«አንገቷስ?»

«ምን ሆነ? ጥርት ብሏል እኮ» አልኳት። ይህን ማለቴ ዛሬም ያሳፍረኛል።

«ንቅሳቷን ምን አደረግሽው?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያላህ! የአንገት ንቅሳት ምን ቀለም አለው? ሰማያዊ ነው፤ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ ቀጫጭን መስመር። የእኔ «ፊት» ሰማያዊውን ከቆዳ ላይ አወጣ፣ የቀረውን ቀጭን መስመር ጭረት ነው ብሎ አጸዳ። ልጅ ሆነው በመርፌ የተነቀሱትን፣ ዕድሜ ልካቸውን ይዘውት የኖሩትን፣ እኔ በአንዲት ቁልፍ አጠብኩላቸው።

እመቤት ድምፅዋን አላነሣችም። «እናቴ ሦስት ወር ሙሉ አልጋ ላይ ነበረች። በአንገቷ ሥር እጄን አስገብቼ ነው ውሃ የማጠጣት። ይሄን አንገት አላውቀውም» አለች።

ሮጬ ገባሁ፣ ፋይሉን ከፈትኩ። የለም። ከፋይል የወጣ ቀለም ጓዳ ተቀምጦ አይጠብቅም፤ ዋናው ላይ ደርቤበታለሁ፣ አለቀ። ስመለስ ጋሽ ኪዳኔ ባንኮኒው ጋ ቆመው ሽፋኑን ያያሉ። ኮፍያቸውን አውልቀዋል።

«ልጄ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አሏት። «ይህን ክፍል የምመራው እኔ ነኝ። ለእሑድ እናትሽን እንደነበሩ አድርገን እናደርስልሻለን።»

እሷ ስትወጣ አሁን ይጮኹብኛል ብዬ ትከሻዬን ሰብሰብ አደረግሁ። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። ሽፋኑን አስቀመጡና፣ «ሐዋ፣ አሳምረሻቸዋል። ማንን እንደሆነ ግን እኔም አላወቅኩም» አሉኝ። ወረቀት መጋዘን ገብቼ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ደምሴ እንኳን ሙድ አልያዘብኝም፤ ውሃ አምጥቶልኝ ወጣ።

ዓይኔ አብጦ ስወጣ ጋሽ ኪዳኔ ወንበራቸው ላይ ናቸው። «ለቅሶው አለቀ? አሁን ደውዪላት። ያን አንገት ከእሷ ሌላ ማን እንደሚያውቀው ጠይቂ።»

ደወልኩ። እመቤት፣ «አክስቴ አለች፣ የእናቴ ታናሽ። ሁለቱን በአንድ ቀን፣ አንዲት ነቃሽ ናት የነቀሰቻቸው» አለችኝ።

ሐሙስ ጠዋት እትዬ ስንዱ መጡ። አጠር ያሉ፣ ከዘራ የያዙ፣ ዓይናቸው የሚስቅ ሴት። ጋሽ ኪዳኔ ወንበር አውጥተው በሩ ላይ፣ ብርሃኑ ላይ አስቀመጧቸውና በትሕትና አስረዷቸው።

«አንገቴን ሊያዩ ነው የጠሩኝ?» አሉ እትዬ ስንዱ። «በሃያ ዓመቴ ያላየው ሰው ዛሬ ምን ያደርግለታል?»

«ያኔ ፒያሳ አልመጡልንም፣ እኛ ምን እናድርግ» አሏቸው ጋሽ ኪዳኔ፤ ሎተሪ ሻጩ ሳይቀር ሣቀ። እኔ ግን ለመሣቅ ድፍረቱ አልነበረኝም።

ነጠላቸውን ፈታ አድርገው አገጫቸውን ቀና አደረጉ። ንቅሳቱ ከአንገታቸው ሥር በተርታ ዞሯል፣ በየመሐሉ ትናንሽ መስቀል አለው። እንዴት ልቅዳው? ጋሽ ኪዳኔ ገብተው ከድሮው መሳቢያ የተረፈ ጥርት ያለ ባዶ ፊልም ይዘው መጡ። እጄን በሳሙና ታጠብኩ፤ ማንም ሳያዘኝ። ፊልሙን በአንገታቸው ላይ አለዝቤ አስደግፌ፣ በቀጭን ብዕር መስመር በመስመር ገለበጥኩ። ሲተነፍሱ ይንቀሳቀሳል፣ እጠብቃለሁ። ከጠዋት እስከ ምሳ ያንን ብቻ ሠራሁ። በሥራ ዘመኔ እንዲያ ቀስ ብዬ አላውቅም።

ከዚያ ስካን አድርጌ፣ በወይዘሮ ጥሩነሽ አንገት ቅርፅ አጉብጬ፣ ሰማያዊውን ከቆዳው ለይቼ በራሱ ንብርብር ላይ አኖርኩት። ቀለሙን አምስት ጊዜ ቀይሬ አምስት ጊዜ በሩ ላይ ከእትዬ ስንዱ አንገት ጋር አስተያየሁት። የወይዘሮ ጥሩነሽን የፊት ቀለምም እንደ አዲስ በእጄ ሠራሁ። ኤክስፖርት አድርጌ ሳልጠየቅ ወደ አሮጌዋ ኮምፒውተር ወሰድኩት። ልክ ነበር። ዋናውን በሦስት ቦታ አስቀመጥኩ።

ዓርብ ናሙናውን ለማየት አክስትና የእህት ልጅ አብረው መጡ። እመቤት ወረቀቱን እንዳየች እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ይቺ ናት! እማዬ ናት» አለች። እፎይ አልኩ። ጋሽ ኪዳኔን ዞር ብዬ አየሁ፤ እሳቸው የሚያዩት ግን እትዬ ስንዱን ነው።

እትዬ ስንዱ ወረቀቱን አቅርበው፣ አርቀው፣ ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩት። «አይደለም» አሉ።

ጠጋ ብዬ ወረቀቱን አየሁት።

«ይሄ የኔ አንገት ነው። የጥሩነሽ በግራ በኩል ታችኛዋ መስመር የለችም።»

«እንዴት አክስቴ?» አለች እመቤት። «ስንት ዓመት አይቼው?»

«ስንት ዓመት ስታይው ነጠላዋን በግራ በኩል ሳብ አድርጋ አይደል? አንድ ቀን ለምን ብለሽ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? ታላቅ ናትና እሷን ነው ያስቀደሟት። መጨረሻዋ መስመር ላይ ስትደርስ ዋይ ብላ ተነሥታ ሮጠች! ነቃሽዋ መርፌዋን ይዛ ትከተላታለች፣ እናታችን ትከተላታለች፣ እሷ የጎመኑ ጓሮ ገብታ ተኛች። እኔ ታናሿ ቁጭ ብዬ ጥርሴን ነክሼ አስጨረስኩ። ለሰው አትናገሪ ብላ አስምላኝ ነበር፤ እንግዲህ እግዜር ይፍታኝ።»

እመቤት አፏን ከፍታ ታያቸዋለች። «እማዬ? መርፌ ፈራን ብላ ኩርኩም የምታቀምሰን እማዬ?»

«እሷው ናት!»

እመቤት ሣቀች። በሩ ላይ ቆማ፣ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እየወረደ ሣቀች። «እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ሥቄ አላውቅም» አለችኝ፣ እጄን ጭብጥ አድርጋ። እኔም አብሬያት ሣቅሁ፣ አብሬያት አለቀስኩ፤ ረቡዕ የጠላችኝ ሴት ዓርብ እጄን ይዛለች፣ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

«በይ ጓለይ» አሉኝ ጋሽ ኪዳኔ ቀስ ብለው፣ «አሁን አጥፊያት።»

ገብቼ ተቀመጥኩ። አሁን ከኋላዬ ያለው ወንበር ላይ የተቀመጡት እትዬ ስንዱ ናቸው፤ ጋሽ ኪዳኔ ራሳቸው ለቀውላቸው ቆመዋል። አንገቱን አሳድጌ ታችኛዋን መስመር ከዳር ጀምሬ ማጥፋት ያዝኩ። ልጨርሳት ስል እትዬ ስንዱ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መታ አደረጉ።

«እዚያ ጋ በቃ» አሉ። «ትንሽ ተይላት። የሮጠችው መስመሯ ከተጀመረች በኋላ ነው።»

ተውኩላቸው።